በወይን አገር በጀልባ፦ የደቡቡ ቦይ ታሪክ



አምና መጨረሻ ላይ ጸሐፊያችን ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ፈረንሳይ አገር ደርሰው መጥተው ዝም ሊሉን ነው እንዴ? ለዓመታዊ መጽሔታችን አንድ ነገር ይጻፉልን እንጂ» ቢለኝ፣ «እኔ ደግሞ ምን አውቄ» ብዬ ነበር የሸኘሁት። ኋላ ሳስበው ግን ያየሁት ነገር ከሽርሽርነቱ ይልቅ ታሪኩ የሚበልጥ፣ ታሪኩም በአንድ በኩል እኛን እድርተኞችን የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ብዕሬን አነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ቱሉዝ በምትባል ከተማ የምትኖረው ልጃችን እኔንና እናቷን ጠርታን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጀልባ ላይ እየበላንና እየተኛን በወይን እርሻ መካከል በሚያልፍ ቦይ ተጓዝን። ጀልባዋ እንደ ትንሽ ቤት ናት፤ ምድጃ አላት፣ መኝታ ክፍል አላት፣ መታጠቢያም አላት። መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር አይጠየቅም፤ አከራዮቹ ጥቂት አለማምደው ቁልፉን ያስረክባሉ። ፍጥነቷ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ስለተወሰነ፣ በዳር በዳር በብስክሌት የሚሄዱ ሕፃናት ሳይቀሩ እጃቸውን እያወዛወዙ ጥለውን ያልፋሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ «እኔ ውሃ ላይ አልተኛም» ብላ አስቸግራን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሽሮዋን ሠርታ አጠገባችን ለታሰረው ጀልባ ሰዎች ስታስቀምስ አገኘኋት።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የቅየሳ ሰው እንደነበርኩ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሌላው ተሳፋሪ ወይኑንና ቤተ መንግሥቱን ሲያይ፣ የእኔ ዓይን ውሃው ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ማን ቆፈረው? በምን ገንዘብ? ልጄ ከመጻሕፍቱ እያነበበች ስትተረጉምልኝ፣ እኔም በማስታወሻ ደብተሬ እየጻፍኩ ሳምንቱ አለቀ።

ቦዩ ካናል ዱ ሚዲ ይባላል፤ የደቡብ ቦይ ማለት ነው። ከቱሉዝ ተነስቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ወዳለችው፣ ሴት ወደምትባለው የወደብ ከተማ አጠገብ ይደርሳል (ስሟ በእኛ ቋንቋ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ስቃበታለች)። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ከቱሉዝ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ጋሮን የተባለው ወንዝ በቦርዶ በኩል አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈሳል። እንግዲህ ቦዩና ወንዙ ሲቀጣጠሉ ሁለቱን ባሕሮች አገናኙ ማለት ነው። ቀድሞ አንድ መርከብ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ለመሄድ የስፔንን አገር ዞሮ በጂብራልታር በኩል ማለፍ ነበረበት፤ መንገዱም ረጅም፣ የባሕር ወንበዴ የበዛበት፣ ስፔንም የፈረንሳይ ንጉሥ ባላንጣ የነበረችበት ዘመን ነበር።

ሁለቱን ባሕሮች የማገናኘቱን ሐሳብ ቀደም ያሉ ነገሥታትም አስበውት ነበር፤ ያቃታቸው የውሃው ነገር ነው። በሁለቱ ባሕሮች መካከል ኖሩዝ የሚባል ከፍታ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 189 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይህ ከፍታ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ነገር ግን ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ጀልባ በከፍታው ላይ እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ከየት ይምጣ?

ይህን የፈታው መሐንዲስ አልነበረም። ፒዬር ፖል ሪኬ የሚባል፣ ቤዚዬ በተባለች ከተማ የተወለደ የጨው ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። በዚያን ጊዜ የጨው ቀረጥ መሰብሰብ ከመንግሥት በኮንትራት የሚወሰድ ሥራ ስለነበር፣ ሪኬ በዚህ ሥራ እጅግ ባለጠጋ ሆኗል። ቀረጡን ለመቆጣጠር አገሩን ሲዞር በስተሰሜን ያለውን ጥቁር ተራራ የሚባለውን ዝናባም አገር ምንጭና ጅረት ለየ፤ ሬቬል በተባለች ከተማ የውሃ ነገር የሚያውቅ ፒዬር ካምማስ የተባለ ሰውም ያግዘው ነበር። የእነዚህን ጅረቶች ውሃ በቀጭን መጋቢ ቦይ ተራራ ለተራራ እያዞሩ ኖሩዝ ከፍታ ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያ ግማሹ ወደ አትላንቲክ፣ ግማሹ ወደ ሜዲትራኒያን እንዲወርድ ማድረግ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። በርስቱ ላይም የሥራውን ትንሽ ሞዴል ሠርቶ ሞከረው። በ1662 የሉዊ አሥራ አራተኛ የገንዘብ ሚኒስትር ለነበረው ለኮልቤር ጻፈ፤ በጥቅምት 1666 ንጉሡ አዋጁን አወጣ። (የፈረንጆቹን ታሪክ ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እንደጻፍኩት ይታወቅልኝ።) ሪኬ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስልሳ ገደማ ነበር፤ ብዙ ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው።

ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ልጄ በመኪና ኖሩዝን ወስዳ አሳይታናለች። የሪኬ ዘሮች በ1827 ያቆሙት ሐውልት አለ፤ ከዚያ በቀር ዛፍና ጸጥታ ነው። መጋቢው ቦይ ውሃውን ይዞ ይመጣና ለሁለት ይከፈላል። እንዲያው ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ሌቭልም ሆነ ቴዎዶላይት እንደ ዛሬው ባልነበረበት ዘመን፣ በተራራ ወገብ ላይ ይህን ያህል ርቀት ተዳፋቱን ሳይስቱ ውሃ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ ውሃው እንዳያጥር ደግሞ ሳን ፌሬዮል የሚባል ግድብ ሠሩ፤ ከ6 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውሃ ይይዛል፤ ከ350 ዓመት በኋላ ዛሬም ይሠራል።

አሁን ስለ ኤክሉዝ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቦዩ ጉዞ አይገባም። ኤክሉዝ ማለት ከፊትና ከኋላ በር ያለው፣ ጣራ የሌለው የድንጋይ ክፍል ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ክፍሉ በውሃ ሞልቶ ይጠብቃችኋል፤ ጀልባዋን አስገብታችሁ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከፊተኛው በር ሥር ያለው መክፈቻ ሲለቀቅ ውሃው ቀስ እያለ ይጎድልና ጀልባዋ ከነተሳፋሪዋ ትወርዳለች፤ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ሽቅብ ሲሆን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚህ ዘዴ ጀልባ ደረጃ ትወጣለች ትወርዳለች። መጀመሪያ ግድግዳውን ቀጥ አድርገው ሠርተውት ነበር፤ አንዱ የአፈሩ ግፊት ደርምሶት ስለወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ጎኑን እንደ እንቁላል አጎበጡት። ቤዚዬ ከተማ አፋፍ ላይ ፎንሴራን በሚባለው ቦታ 8 የውሃ ክፍሎች ተያይዘው እንደ ደረጃ ተሠርተዋል፤ ከ21 ሜትር በላይ ያወርዳሉ። እኛ ስንወርድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶብናል፤ ባለቤቴ ገመዱን በእጇ ይዛ «ያዘው! ያዘው!» እያለች እኔን ስታዝ ለተመለከተ፣ ካፒቴኑ ማን እንደነበር ግልጽ ነው። ደግሞ አንድ ነገር፦ በምሳ ሰዓት የኤክሉዙ ሠራተኛ በሩን ቆልፎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ንጉሥ ቢመጣም ይጠብቃል። እኔ ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ይህን ቦይ የቆፈረው በአካፋ፣ በዶማና በቅርጫት የተሰማራ የሰው ጉልበት ነው። ሥራው በበረታበት ጊዜ እስከ 12,000 ሰው ይሠራ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ አፈር በቅርጫት የሚሸከሙ ሴቶች ነበሩ። ታዲያ ሪኬ ለእነዚህ ሰዎች ያደረገውን ልጄ ስታነብልኝ «እስቲ ድገሚው» አልኳት። የወር ደመወዝ ቆረጠላቸው፤ 10 ሊቭር ገደማ ነው። ዝናብ ጥሎ ሥራ ቢቆም ይከፈላቸዋል። እሑድና የበዓል ቀን ይከፈላቸዋል። የታመመ ሰው በታመመበት ቀን ይከፈለዋል። ይህ የሆነው በ1660ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በአውሮፓ እንኳ የሠራተኛ ሕግ የሚባል ነገር ባልታሰበበት ዘመን።

ሪኬን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። ገንዘቡ የጨው ቀረጥ ነው፤ የጨው ቀረጥ ደግሞ ድሃውን የሚያስለቅስ ግብር ነበር። ሩሲዮን በሚባለው አውራጃ ሕዝቡ በዚሁ ቀረጥ ምክንያት ሸፍቶ ዓመታት ተዋግቷል፤ የቀረጡ ሰብሳቢም ራሱ ሪኬ ነበር። ለቦዩ ሠራተኛ ደህና የከፈለውም መኸር በደረሰ ቁጥር ወደ እርሻው እየበተነ እንዳይሄድበት አስቦ ጭምር ነው። ቢሆንም ከፍሏል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ላንሳ፤ አንባቢ ይፍረደኝ። በ1964 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቅየሳ ከመማሬ በፊት፣ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ በሚቆፈር የመስኖ ቦይ ላይ ታይም ኪፐር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የአሠሪውን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ሥራዬ ማለዳ የቀን ሠራተኛውን ስም ጠርቶ በመዝገብ ላይ ለሠራ አንድ፣ ላልሠራ ዜሮ መጻፍ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ገጹ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ጎበዝ ቆፋሪ፣ ወባ ይዞት ጎጆው ውስጥ ተኛ። በየማለዳው ስሙን እጠራለሁ፤ ጓደኞቹ «ታሟል» ይላሉ፤ እኔም ዜሮ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዜሮ ጻፍኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ባልደረቦቹ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲም አዋጥተው መግነዝ ገዝተው ቀበሩት፤ እኔም አንድ ብር ሰጥቻለሁ፤ ያን ጊዜ ብዙ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። በወሩ መጨረሻ ወንድሙ ከሩቅ አገር መጥቶ ሒሳቡን ሲጠይቀኝ መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ዜሮዎቹን ግን በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው። ከዚያ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመና ሄደ። እኔ ሥርዓቱ ነው፣ በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ብዬ ኖሬ፣ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሌላ ዓይነት መዝገብ እንደነበረ ሰማሁ። በዚያን ቀን ብዙ ወሬ አላወራሁም፤ ባለቤቴም ፀሐይ መታው መስሏት ባርኔጣ አስደረገችኝ።

የሪኬ መጨረሻም አላማረም። ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛ ያህሉን ከራሱ ኪስና በብድር ነው የሸፈነው። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ኮልቤር ይጠራጠረው ጀመር። ቤዚዬ አካባቢ ማልፓስ የሚባል ኮረብታ ሲገጥማቸው፣ አለቱ ልል ስለነበር ሥራው ይቁም ተባለ። ሪኬ ግን ኮረብታውን በሥውር አስቦረቦረው ይባላል፤ ከ160 ሜትር በላይ የሆነው ዋሻ ለጀልባ መተላለፊያ በተሠሩ ቦዮች ላይ በዓለም የመጀመሪያው ነው። እኛ ስናልፍበት ልጄ ጮኸች፤ ድምፅዋም ተመልሶ መጣ። ሪኬ ጥቅምት 1 ቀን 1680 ቱሉዝ ውስጥ ሞተ። ቦዩ የተመረቀው በግንቦት 1681 ነው፤ ሰባት ወር ተኩል ብቻ ቀርቶት ማለት ነው። ልጆቹ የወረሱት ቦዩንና ከ2 ሚሊዮን ሊቭር በላይ ዕዳ ነው። ቤተሰቡ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሶ ከቦዩ መጠቀም የጀመረው በ1724 ነበር።

ከዚያ በኋላ ቦዩ የአገሩን ኑሮ ለወጠው። በፈረስ የሚጎተቱ ጀልባዎች ስንዴ፣ ወይን ጠጅና አረቄ ያመላልሱ ጀመር፤ ተሳፋሪና ደብዳቤ የሚያደርስ ጀልባም ነበር። በ1787 ቶማስ ጀፈርሰን፣ ያኔ በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው፣ ኋላ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የሠረገላውን ጎማ አስፈትቶ ሠረገላውን ጀልባ ላይ አስጭኖ በዚሁ ቦይ ተጉዟል። ሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ በመስተዋት እያየ፣ ሲሰለቸው ወርዶ በዳሩ በእግሩ እየሄደ፤ መጋቢውን ቦይና ግድቡንም ለማየት ከመንገዱ ወጥቷል። እንግዲህ የእኛ ዓይነቱ የዝግታ ሽርሽር የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

በ1857 ከቦርዶ እስከ ሴት የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቦዩ ለዚያው ለባቡር ኩባንያ በኪራይ ተሰጠ፤ ለ40 ዓመት! ድመትን የሥጋ ጠባቂ ማድረግ ይሏል ይህ ነው። መንግሥት በ1898 መልሶ ሲረከበው ጭነቱ በአብዛኛው ሄዷል። ባቡሩ ግን ወይኑን አበዛው፤ በፊት ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ሁሉ የወይን ተክል ሆነ። ሁሉም አንድ ነገር ሲያመርት ምን እንደሚሆን ገበሬ ያውቃል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወይን ጠጅ ዋጋ ወደቀ፤ ነጋዴው ስኳርና ውሃ እየቀላቀለ የሐሰት ወይን ይሸጣል፤ ከአልጄሪያም ርካሽ ወይን ይገባል፤ ገበሬው ያመረተውን መሬት ላይ አፈሰሰ።

አርዤሊዬ የምትባል፣ በቦዩ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር አለች። ማርሴላን አልቤር የሚባል ቡና ቤት ያለው ወይን ገበሬ በመጋቢት 1907 ከዚህች መንደር 87 ሰዎች ይዞ አቤት ለማለት ወደ ናርቦን ሄደ። በሰኔ ሞንፔሊዬ ከተማ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከ500,000 ይበልጥ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌማንሶ ጦር አዘመተ፤ ናርቦን ውስጥ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ያን ጊዜ የ17ኛው እግረኛ ጦር ወታደሮች፣ አብዛኞቹ የቤዚዬ አካባቢ ልጆች፣ «በወላጆቻችን ላይ አንተኩስም» ብለው 500 ያህሉ መሣሪያቸውን ይዘው ሌሊት ወደ ቤዚዬ ገሰገሱ። በኋላ ወደ ቱኒዝያ በረሃ ተላኩ። አልቤር ደግሞ ተደብቆ ፓሪስ ገብቶ ክሌማንሶን አነጋገረው፤ ሚኒስትሩም ለመመለሻ የባቡር ዋጋ 100 ፍራንክ ሰጠውና ወሬውን ለጋዜጠኞች አስወራበት። በቃ፣ በመንደሩ ሰው ዘንድ «የተገዛ» ሆነ። የሐሰት ወይንን የሚከለክለው ሕግ ግን በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ወጣ። እኛ በዚያ በኩል ስናልፍ ማታ ነበር፤ ጀልባዋን አስረን አንዳንድ ብርጭቆ ቀመስን። የ1907ቱን ካነበብኩ በኋላ ነበርና፣ ብርጭቆውን ቶሎ አልጨረስኩትም።

የጭነት ጀልባው ሥራ በ1980ዎቹ ጨርሶ ቀረ። ዛሬ በቦዩ ላይ የሚሄደው እንደ እኛ ያለው ሽርሽረኛ ነው፤ ዩኔስኮም በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አሁን የሚያሳዝነው የዛፉ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሁለቱም ዳር የተተከሉ ፕላታን የሚባሉ 42,000 ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ጥላቸው ውሃው ላይ ተገናኝቶ እንደ ጣራ ይሆን ነበር። በ2006 የፈንገስ በሽታ ገባባቸው። በሽታው ወደ ፈረንሳይ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ በመጣ የጥይት ሣጥን እንጨት ነው ይላሉ። መድኃኒት የለውም፤ ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ተቃጥሏል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ራቁቱን በቀረ ዳር ለሰዓታት ፀሐይ እየመታን ሄደናል፤ ከዚያ ድንገት ጥላ ይመጣል። አዳዲስ ችግኞች ሌላ ዓይነት ዛፍ እየሆኑ ይተከላሉ፤ ጥላቸውን የሚያርፍባቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

ከመመለሳችን በፊት ቱሉዝ ውስጥ ሳን ኤቲየን ወደሚባለው ካቴድራል ሄደን ሪኬ የተቀበረበትን ቦታ አየሁ። ከ12,000ዎቹ የአንዳቸውም መቃብር ወዴት እንዳለ የሚያሳይ ነገር በመንገዴ አላየሁም። እዚያው ቆመን የአዋሹን መዝገብ ነገር ለልጄ ነገርኳት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። እሷም ብዙ ሳትናገር «አባዬ፣ በእድራችሁ ግን የታመመ ሰው መዋጮ ይከፍላል እንዴ?» አለችኝ።

ይከፍላል። በደንባችን መሠረት ሦስት ወር ተከታትሎ ያልከፈለ አባል፣ በምንም ምክንያት ቢሆን፣ ከመዝገብ ይሰረዛል። አምና አንድ የቀበና ሰፈር አባላችን አራት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ስሙ ተሰርዞ አግኝቶታል፤ እንደገና እንደ አዲስ አባል መግቢያ ክፈል ተብሏል። መዝገቡን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ በሕመም የተኛ አባል በተኛበት ጊዜ ሁሉ እንዳይሰረዝ፣ መዋጮውም ከመጠባበቂያ ሒሳብ እንዲሸፈንለት የሚል የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ በጽሑፍ ለጸሐፊው አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በሦስተኛ አጀንዳነት ተይዟል፤ ድምፅ የሚሰጥበት በመሆኑ አባላት ሳትቀሩ እንድትገኙ አደራ እላለሁ።